የልክ እናት

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ካርታ ታወጣላችሁ፤ ካርታ ካወጣችሁ ደግሞ ስለ ድንበሩ ስትከራከሩ ወሬዬ መንገድ ላይ ይቀራል። ወንዝ አለው፣ ገበያ አለው፣ ንጉሥም አለው እየተባለ ይወራል። ለዚህ ጨዋታ ይህ ይበቃናል።

በዚያ አገር አደባባይ መሐል አንድ የሸክላ ሰው ቆሟል። ስሙ ልክ ይባላል። ወንድ ነው ሴት ነው አይባልም፤ አፍ አልተሠራለትም፣ ጆሮም የለው። እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ብቻ ቆሟል። የአገሩ ሕግ አጭር ነው፦ ከልክ የሚበልጥ ሰው የለም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመለኪያ ዕለት፣ ሕዝቡ ተሰልፎ በልኩ አጠገብ ያልፋል። ባለዘንግ የሚባለው ሹም የዘንጉን አንድ ጫፍ በልኩ አናት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በእንጨት ባላ ላይ ያጋድማል። በዘንጉ ሥር ያለፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዘንጉ ግንባሩን የነካው ግን “ትርፍ” ይባልና ከሸንተረሩ ማዶ ወዳለው የአፈር ጉድጓድ ይወሰዳል። ለልኩ የሚሆን አፈር ሊቆፍር ነው ይባላል። አፈሩ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከቆፋሪዎቹ ተመልሶ የታየ ግን የለም።

እንዲህ ያለውን ሕግ ሕዝቡ እንዴት ዝም ብሎ ተቀበለው ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ልክ፣ አያቶች እንደሚያወሩት፣ ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይደርስበት ግዙፍ ነበር። ሁሉም እየሳቀ በሥሩ አለፈ። ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያለፈም ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ማንን ይጎዳል?

ነገሩ ያለው ልኩ በየዓመቱ እንደ አዲስ መሠራቱ ላይ ነው። የአምናው ልክ በእርጥብ ጭቃ ይለበጥና ቅርጹ ይወሰዳል፤ በቅርጹ ውስጥ አዲስ ጭቃ ይጠቀጠቅና የዘንድሮው ይወጣል፤ ሲደርቅ እቶን ይገባል። አዲሱ ገና ከእሳት ሳይወጣ አሮጌው በመዶሻ ይሰባበራል። ሁለት ልክ በአንድ ቀን ፀሐይ እንዳይሞቅ ደንቡ ያዛል።

የቀረውን፣ ጭቃ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ጭቃው ይሰበሰባል። እሳት ሲያገኘው ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ውስጡ ያለውን ክፍተት ዘግቶ ይኮማተራል። የገባው ሌላ፣ የወጣው ሌላ ነው፤ አነስ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲመቱት እንደ ቃጭል የሚጮኽ። እናም ዘንድሮ ከአምና ያንሳል፣ ከርሞም ከዘንድሮ። ግዙፉ ልክ እየወረደ እየወረደ መጥቶ በመጀመሪያ ረጃጅሞቹን ነካ፤ ቀጥሎ መካከለኞቹን፤ አሁን ሁሉንም።

ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። የሚናገረው ነው የሌለው፤ “አነሰ” ማለት ተከልክሏልና። የሚባለው “ጠነከረ” ነው። “ልኩ ዘንድሮ ጠንክሯል፣ ተመስገን” ይባላል። ቃሉ ከአደባባዩ ወደ ገበያ ወርዶ፣ ዳቦ ሻጯ እፍኝ የማይሞላ ዳቦ እየሰጠች “ጠንክሮልሻል” ትላለች፤ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረበት ሰውም “ሸሚዜ ጠነከረች” ይላል። ሲሉትም አይስቁ። ጥርስ ማሳየት ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? ጉልበት በማጠፍ ነዋ! ጀርባን ማጉበጥ ክልክል ነው፤ የጎበጠ ሰው የተገደደ ይመስላልና ለአገር ገጽታ አይበጅም። ባለዘንጉ በየሰዉ ጀርባ ላይ ጣውላ እያስደገፈ ቀጥ ማለቱን ያያል። ከወገብ በታች ያለው ግን የግል ጉዳይ ነው። ወንዱም ሴቱም መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሶ፣ ከቀሚሱ ሥር ጉልበቱን አጥፎ ያልፋል። በዚያች ቀን ብቻ ማጠፍ ስለሚያደክም ዓመቱን ሙሉ ይለማመዱታል። አጥፈው ገበያ ይሄዳሉ፣ አጥፈው ይድራሉ፣ አልጋቸው ላይ እንኳ አጥፈው ይተኛሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ የተከበሩ፣ አጫጭር ሰዎች ናቸው።

ዘርፌ የዚህ አገር የልክ እናት ናት። ማዕረጉ ነው እንጂ ልጅስ የላትም። ልኩን የምትሠራው እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። ባሏ አንለይ ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ ያቦካላታል። ዝምተኛ፣ ሥራ የማይመርጥ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው። አምና ከመለኪያው በኋላ የእቶኑ ግድግዳ ተንዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ወጌሻ መጥቶ በሸንበቆ አሰረው፤ አጥንቱም ገጠመ። ጉልበቱ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቀረ።

አንለይ “እግሬ ተረፈ” ብሎ ደስ አለው። ነገሩ ቀድሞ የገባው ለዘርፌ ነው። ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ሲራመድ በዓይኗ ተከተለችው። አንድ ጉልበት ታጥፎ ሌላው አልታጠፍ ካለ ሰው አያጥርም፤ ያነክሳል እንጂ።

“እስቲ ትንሽ ሞክረው፣ አንለይ።”

“ሞከርኩት እኮ። አልሰማ አለኝ።”

“ቅቤ ልሽልህ።”

“ተይው ዘርፌ፣ ወጌሻው ጉልበትህ ሞቷል ብሎኛል። የሞተ ጉልበት በቅቤ አይነሳ።”

እሷ ግን አሸችው። ጠዋትም አሸችው፣ ማታም አሸችው፤ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፤ ጉልበቱ ንቅንቅ አላለም። የመለኪያ ዕለት ሲቃረብ እህል አልወርድ አላት። ውሃ ቀድታ የቀዳችበትን ትረሳለች። አደባባዩን አቋርጣ ስታልፍ ልኩን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች፤ የገዛ እጇ ሥራ እኮ ነው።

ፍርሃቷን የሚያባብሰው ደግሞ የጎረቤቷ ጉዳይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ስንቄ የምትባል በዕድሜ የምትበልጣት ሴት አለች። ባሏን ጓንጉልን አምና ወስደውባታል። ጉልበቱን እስኪበቃው አጥፎ ነበር፤ ትርፍ ያሰኘው የአንገቱ ርዝመት ነው። እትዬ ስንቄ ጫማውን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ፣ በየጠዋቱ አቧራውን ታራግፍለታለች።

“አንቺ ልጅ፣ የዘንድሮው እንዴት ነው?” ትላታለች ዘርፌን ባገኘቻት ቁጥር። “በጣም ይጠነክራል?”

“እንደ ወትሮው ነው፣ እትዬ።”

“እንደ ወትሮውማ ከሆነ አለቅን” ትልና አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።

ዘርፌ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምታለች። ያን ሰሞን ግን እትዬ ስንቄ ጫማውን ስታራግፍ እያየች ቆማ፣ ከርሞ በራሷ ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው የማን ጫማ እንደሆነ ታያት። ገብታ በሯን ዘጋችና ቅርጹ አጠገብ ተቀመጠች። የልኩ ቅርጽ ከወገቡ ላይና ከወገቡ ታች ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ኋላ በጭቃ ይጋጠማል። በመጋጠሚያው ላይ ጭቃ ቢጨመርስ? ሁለት ስንዝር ያህል አይበቃም?

“አንለይ፣ ጭቃ ጨምርልኝ” አለችው።

“በቃኝ ብለሽ አልነበር?”

“አልበቃኝም።”

አቡክቶ አመጣላት። የልኩን ወገብ ስታስረዝም ቆሞ አያት። የጭቃ ነገር ሲሆን ባሏ ለመረዳት ጊዜ የሚፈጅ ሰው አይደለም።

“ያዩታል እኮ” አላት ቀስ ብሎ።

“ይዩት። ማን ነው ‘ረዘመ’ የሚል? ረዘመ ያለ ሰው አጥሮ ነበር ማለቱ ነው። አጥሮ ነበር ያለ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አሮጌው ይሰበራል፤ በምን ያስተያዩታል?”

አንለይ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቁ ነው። ወዲያው ሳቁ ጠፋና፣ “ዘርፌ፣ ይሄን የምታደርጊው ለእኔ ብለሽ ነው?” አላት።

“ለማን መሰለህ?” አለችውና እንባዋ መጣ። “ለንጉሡ መሰለህ?”

እስከዚህ ድረስ መልካም ሄደ። ያላሰበችው እቶኑን ነው። እቶኑ ከተናደ በኋላ እንደገና ሲገነባ በልኩ መጠን ነበር የተገነባው፤ እሱም ጠንክሯል። አዲሱን ልክ ቢያቆሙት አንገቱና ራሱ በእቶኑ አፍ ወጣ። ማጋደም አይቻልም፤ ይጣመማል። አፉን በጭቃና በጭድ ዙሪያውን ቢመርጉትም እሳቱ በስንጥቁ አመለጠ። የማገዶው ግንድ እየነደደ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ሄደ። ሸክላ ደግሞ እሳቱ ካልበረታበት አይኮማተርም፣ አይጠጥርምም።

ሲከፍቱት ልኩ ቁመቱን እንደያዘ ነበር። ግን ገርጥቷል። ዘርፌ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ ጥፍሯ ምልክት ተወበት። በጣቷ መታችው። “ዱብ” የሚል ድምፅ ሰጠ።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ምክንያቱም ከመለኪያው በፊት የድምፅ ምርመራ አለ። የድምፅ ሹሙ በአደባባይ ልኩን በብረት በትር ይመታዋል። ከጮኸ ጸደቀ። ዱብ ካለ የልክ እናት ራሷ ወደ ጉድጓዱ ትወርዳለች፤ የቤቷ ሰውም ይከተላታል። ሌላ ለመተኮስ ጊዜ አልነበረም፤ መለኪያው በማግስቱ ነው። ገላውን በቀይ አፈር አሹት፣ በዘይት ወለወሉት። መልኩ አማረ። ድምፅን ግን በምን ይቀቡታል?

አንድ ነገር ብቻ ነበር ተስፋዋ፤ እሱም ተስፋ ከተባለ። የድምፅ ሹሙ አይሰማም። ሐሜት ወደ ጆሮው የማይገባ ሰው ተብሎ ነው የተሾመው፤ በእርግጥም ሐሜትም ሌላም ነገር አይገባም። መስማት ካቆመ ዘመን ቢያልፍም ይህንን የሚነግረው አልተገኘም፤ ቢነግሩትም አይሰማም። በትሩን ያሳርፍና የሕዝቡን ፊት ያያል። ፊቱ ከፈካ ጮኋል ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ፊቱና ድምፁ ተለያይተው አያውቁም።

በማግስቱ አደባባዩ በቀሚስ ተሞላ። ልኩ ቆሟል። ሕዝቡ ሲያየው አንድ ማጉረምረም የመሰለ ነገር ተነሣና ጠፋ። ሁሉም አየ፤ ሁሉም አፉን ያዘ። ዘርፌ ከልኩ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። አንለይ በሰልፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ይታያል።

የድምፅ ሹሙ ቀስ እያለ መጣ፣ በትሩን አነሣ፣ የልኩን ደረት መታ።

ዱብ።

ጭድ የሞላ ከረጢት የተመታ ነው የሚመስለው። ባለዘንጉ ጆሮው ደህና ነው፤ ሰምቷል። ወዲያው የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። የእሱም ቀሚስ ረጅም ነው፤ የእሱም ጉልበት ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ነው ያደረው። የድምፅ ሹሙ ዓይኑን አንሥቶ በየፊቱ ላይ ማንከራተት ጀመረ። አንዱ ወደ አንዱ አየ።

“እልልልልል!” የሚል ከሰልፉ መሐል ወጣ። እትዬ ስንቄ ናት። “ወይ ድምፅ! ወይ ድምፅ! ጆሮዬን አደነቆረው እኮ!”

“እንደ ቃጭል ነው!” አለ ሌላው።

“አገር ምድሩን አናጋው!”

አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። የድምፅ ሹሙ የፈካውን ፊት ሁሉ አይቶ በኩራት ራሱን ነቀነቀና፣ “ጠንክሯል!” ብሎ አወጀ። ዘርፌ አለቀሰች፤ የደስታ መሰላቸው፤ ደስታም ነበር።

ዘንጉ ተጋደመ። ሕዝቡ ማለፍ ጀመረ። አሁን ነው ነገሩ የተበላሸው። ከዘንጉ በታች ሰፊ ቦታ አለ። ማንም ጉልበቱን ዘርግቶ፣ እንደ ሰው ቆሞ ማለፍ ይችላል። ግን የመጀመሪያው ሰው ጉልበቱን አጥፎ አለፈ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ አጥፎ አለፈ። ሦስተኛው ሁለቱን አየ።

“እትዬ፣ ቀና በይ እንጂ” አለች ዘርፌ በሹክሹክታ፣ እትዬ ስንቄ አጠገቧ ስትደርስ። “ቦታ አለ እኮ።”

“ሌላው ቀና ይበልና” አለች እትዬ ስንቄ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። “እኔ ብቻዬን ምን ሆኜ?”

ሁሉም ሌላውን እየጠበቀ አለፈ። ከዘንጉ ሥር ያ ሁሉ ክፍት ቦታ ባዶውን ቀረ። ከዚያ የአንለይ ተራ ደረሰ።

አንለይ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቁን እግር ሲከተል ደህናው ጉልበቱም ተዘርግቷል። ዘንጉ ጋ ደረሰ፣ አለፈ፤ ዘንጉ ፀጉሩን እንኳ አልነካውም። ባለዘንጉ ተመለስ አለው። ደግሞ አለፈ፤ አሁንም አልነካውም። በሕጉ ልክ ነው። ግን በዚያ ሁሉ አጭር ሕዝብ መሐል ትከሻው ከሰው ራስ በላይ ነው። አደባባዩ ላይ ጉልበቱ ቀጥ ያለ ሰው ካዩ ስንት ዘመናቸው! እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

ባለዘንጉ ላብ አሰመጠው። የድምፅ ሹሙም ተጨነቀ። ሰውየው ትርፍ ነው ቢባል ልኩ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ልኩ ተሳስቷል ማለት ወንጀል ነው። ይለፍ ቢባል ደግሞ ያ ቁመት ነገ ገበያ መሐል ይታያል። የድምፅ ሹሙ የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ “ይህ ሰው ልክ ነው?” ብሎ ጠየቀና ፊታቸውን ያይ ጀመር።

ፊቶቹ ወደ መሬት ወረዱ። የእትዬ ስንቄም ወረደ። ቅድም ለሸክላው በአንድ አፍ የዋሸ ሕዝብ፣ ለሰውየው እውነቱን መናገር አቃተው።

ዘርፌ ከቆመችበት ሮጣ ወጣች። “ሁላችንም እንችላለን!” አለች። “ቦታ አለ! እዩኝ፣ እኔም እቆማለሁ፣ አይነካኝም!” ከዘንጉ ሥር ገብታ ጉልበቷን ልትዘረጋ ገፋች።

ጉልበቷ አልተዘረጋም።

እንደገና ገፋች። ሕመሙ እስከ ጥርሷ ዘለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ የባሏን ጉልበት ስታሽ የራሷን አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ከእሳት የወጣ ሸክላ ውሃ ቢያፈሱበት ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ከማንም በላይ የምታውቅ ናት፤ ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላትና ከሹሙም ከጉድጓዱም የበለጠ የገዛ እግሯ አስፈራት። በሦስተኛው ስትገፋ ሚዛኗን ሳተችና ልኩ እግር ሥር ወደቀች።

አንለይ ሕግም ዘንግም ረሳ። ደረቁን እግሩን ወደ ኋላ ወርውሮ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን በብብቷ ሥር አስገባ። ጀርባው ጎበጠ፣ ራሱ ከሁሉም ራስ በታች ወረደ።

“ጠነከረ!” ብሎ ጮኸ የድምፅ ሹሙ፣ ከጭንቅ እንደተገላገለ ሰው። “አያችሁ? ጠነከረ! ይለፍ! ቶሎ ይለፍ!”

ባለዘንጉ ጣውላውን አላመጣም። የጀርባውን ነገር ያነሣ አልነበረም። አንለይ ሚስቱን ደግፎ፣ እንደጎበጠ፣ ከአደባባዩ ወጣ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ቀና ብሎ ያያቸው ግን አልነበረም።

ቤት ሲገቡ አንለይ በሩን ዘግቶ ቀጥ አለ።

“አጎነበስኩ” አላት። “ያን ሁሉ የለፋሽው እንዳላጎነብስ ነበር።”

“አነሣኸኝ” አለችው።

ከዚያ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ጊዜው ብዙ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያልበሰለ ሸክላ ዝናብ አይችልም፤ ሐምሌ ሲገባ ልኩ አደባባዩ ላይ ቆሞ ይፈርሳል። ያን ዕለት ወይ እሷን ይፈልጋሉ፣ ወይ ሕዝቡ የሚያደርገውን ያደርጋል። ምን እንደሚያደርግ ግን፣ እንደ ዛሬው ከሆነ፣ መገመት ፈራች።

“ያዘኝ” አለችው። አንለይ ትከሻዋን ያዘ። ገፋች። ላብ በግንባሯ ወረደ። ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ ጥቂት ተዘረጋ። ሁለቱም ደንግጠው ወደ በሩ አዩ፤ የሰማ የለም። እንደገና ገፋች። ቀጭ።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእትዬ ስንቄ ቤት፣ ሌላ ቀጭ የሚል ተሰማ። ቀጥሎ የታፈነ ማቃሰት። ቀጥሎም ከዚያኛው ግድግዳ ወዲያ፣ ራቅ ካለው ቤት።

ደግነቱ የድምፅ ሹሙ አይሰማም።